ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የጨው ጎዳና

ከአንኮበር ተራራ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርዱ የደጋው ብርድ እየቀነሰ፣ ገብሱና ባቄላው በማሽላና በጥጥ እየተተካ ይሄዳል። በዚህ ቁልቁለት በኩል፣ በይፋት ቆላ አፋፍ ላይ፣ አሊዩ አምባ የተባለች ጥንታዊት የገበያ ከተማ ትገኛለች። ዛሬ መንገደኛ በጸጥታ የሚያልፋት ይህች ከተማ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት የሸዋ መንግሥት የባሕር በር ያህል ነበረች። ባሕሩ ከእርሷ የብዙ ሳምንት መንገድ ቢርቅም፣ ከባሕር የሚመጣው ዕቃ ሁሉ በመጀመሪያ የሚራገፈው በእርሷ ነበርና። ከሚራገፈውም ዕቃ መካከል ለሕዝቡ ከሁሉ ይልቅ አስፈላጊው ጨው ነበር። ይህን የጨው ጎዳና በዘመናቸው ሙሉ በንቃት ሲጠብቁና ሲቆጣጠሩ የኖሩት የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሣህለ ሥላሴ በ1787 ዓ.ም. ገደማ ከአባታቸው ከራስ ወሰን ሰገድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ተወለዱ። የቅድመ አያታቸው የአምኃ ኢየሱስና የአያታቸው የአስፋ ወሰን ዘመን፣ የሸዋ ገዥዎች ከጎንደር ነገሥታት ሥልጣን ቀስ በቀስ ተላቅቀው በራሳቸው ኃይል መቆም የጀመሩበት ዘመን ነበር። ሣህለ ሥላሴ ግን በልጅነታቸው ለትምህርት ተሰጥተው ስለነበር ዙፋኑን ይወርሳሉ ተብሎ አልታሰበም። ነገር ግን በ1805 ዓ.ም. አባታቸው ራስ ወሰን ሰገድ በድንገት ተገደሉ። በዚያን ጊዜ ወጣቱ ሣህለ ሥላሴ ዕድሜያቸው ከአሥራ ስምንት ዓመት ብዙም አይበልጥም ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ወደ መናገሻው ከመድረሳቸው በፊት እርሳቸው ፈጥነው በመገስገስ ሥልጣኑን ያዙ። በመጀመሪያ መርዕድ አዝማች ተብለው ገዙ፤ ኃይላቸው በተጠናከረ ጊዜም የንጉሥነትን ማዕርግ ለራሳቸው ሰጡ።

አዲሱ ገዥ የተረከቡት አገር በተራራ የታጠረ፣ በእህል የበለጸገ፣ ነገር ግን ሁለት ነገሮች የጎደሉት አገር ነበር። አንደኛው የጦር መሣሪያ፣ ሁለተኛው ጨው ነው። ገብስና ስንዴ፣ ማርና ቅቤ፣ ከብትና ጥጥ በሸዋ ሞልተዋል። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ በረከት መካከል ጨው አይገኝም። ጨው ደግሞ ለሰው ምግብ ብቻ ሳይሆን ለከብትም የሚያስፈልግ ነው። ከዚህም በላይ በዚያ ዘመን ጨው ገንዘብ ነበረ። ስለዚህ የጨው መንገድ የተዘጋ እንደሆነ ወጡ አልጫ ከመሆኑም ሌላ ገበያው ራሱ ይቆማል፤ ገበሬው ሸማ፣ ባለ እጁ ብረት፣ መነኩሴው ዕጣን ሊገዛ አይችልም ነበር።

በሸዋ ገበያ የሚታየው ጨው ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ አሞሌ ይባላል። አሞሌ በስተሰሜን በአፋር ዝቅተኛ ሜዳ፣ በትግራይ ደጋ ግርጌ ከተዘረጋው የጨው ምድር በመጥረቢያ እየተፈለጠ፣ እንደ መሳያ ድንጋይ በረጅሙ እየተጠረበ የሚዘጋጅ ነው። ከዚያም በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ከገበያ ወደ ገበያ እየተሻገረ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከተጠረበበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምራል፤ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ይህንኑ አስተውሎ ጽፎታል። ሁለተኛው ዓይነት ከአሳል ሐይቅ የሚመጣው ፍርፋሪ ጨው ነው። ይህን ጨው የአፋር ሰዎች ከሐይቁ ዳር እየዛቁ፣ በግመሎቻቸው ጭነው፣ የአዋሽን ወንዝ ተሻግረው ወደ ይፋት ያደርሱት ነበር።

ጨው ገንዘብ በሆነበት አገር ጨውን መምረጥና መመርመር የሁሉም ሰው ዕውቀት ነው። አሞሌ የሚቀበል ሰው በመጀመሪያ ቁመቱን ይመለከታል፤ ጠርዙ የተቆረሰ፣ ጎኑ የተፋቀ ወይም መካከሉ የተሰነጠቀ እንደሆነ ዋጋው ይቀንስበታል። ጠንቃቃ ነጋዴዎች እንዳይሰበር በልጥ ወይም በቅጠል ያስሩታል። በክረምት እርጥበት የነካው አሞሌ እየሟሟ ክብደቱን ስለሚያጣ፣ ባለቤቱ በደረቅና ጢስ በሚደርስበት ስፍራ ያኖረዋል። ፍርፋሪውን ጨው ደግሞ ገዢው በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ አሽቶ፣ በምላሱም ቀምሶ ይመርጠዋል። ነጭና ደረቁ ይወደዳል፤ አፈር የተቀላቀለበት ወይም መራራነት ያለበት ይናቃል።

ያ የመራራነት ነገር ምክንያት አለው። የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ በአፍሪካ ምድር ከእርሱ የሚያንስ ዝቅተኛ ስፍራ የለም። የባሕር ውሃ በመሬት ስንጥቅ እየሰረገ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከዚያም በኃይለኛው ፀሐይ እየተነነ ጨውን ብቻ ትቶ ይሄዳል። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ሲኖር፣ የአሳል ውሃ ግን ከዚህ አሥር እጥፍ ያህል ይይዛል። የባሕር ውሃ የአንድ ጨው ብጥብጥ ብቻ አይደለም። ከምግብ ጨው ሌላ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ንጥረ ነገሮች አሉበት። ውሃው እየተነነ ሲሄድ በመጀመሪያ ኖራና ጂፕሰም ይዘቅጣሉ፤ ቀጥሎ የምግብ ጨው ይረጋል፤ መራራዎቹ የማግኒዥየም ጨዎች ግን እስከ መጨረሻው በፈሳሹ ውስጥ ይቀራሉ። እንግዲህ ጨው ዛቂው የረጋውን ወስዶ ፈሳሹን በሚገባ ያጠነፈፈ እንደሆነ ጨዉ ይጣፍጣል፤ ያላጠነፈፈ እንደሆነ ግን ይመራል። የገበታ ጨው በውሃ በመበጥበጥ ብቻ የባሕር ውሃ ሠርቶ የባሕር እንስሳትን ማኖር የማይቻለውም ሌሎቹ ንጥረ ነገሮች ስለሚጎድሉ ነው። የይፋት ገበያተኛ ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ባይማርም በምላሱ ለይቶ ያውቀው ነበር።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የዚህን ጎዳና ጥቅም ብቻ ሳይሆን አደጋውንም ያውቁ ነበር። ከታጁራ ወደብ እስከ ሸዋ ጠረፍ ያለው በረሃ የእርሳቸው ግዛት አልነበረም። ውሃው የት እንደሚገኝ የሚያውቁት፣ ግመሉን የሚነዱት፣ መንገዱን የሚከፍቱትና የሚዘጉት የአፋር ባላባቶች ነበሩ። ስለዚህ ንጉሡ በጦር ሊይዙት ያልቻሉትን መንገድ በብልሃት ለመያዝ ወሰኑ። የይፋትን ቆላ የሚያስተዳድሩት ከጥንት የይፋት ሱልጣኖች ዘር የሚቆጠሩትና ወላስማ የሚባሉት እስላም ሹማምንት ነበሩ። ሣህለ ሥላሴ ይህን ቤት ከማፍረስ ይልቅ በሹመቱ አጸኑት። በዘመናቸው ወላስማ መሐመድ የመንገዱ ጠባቂ፣ የኬላው ተቆጣጣሪና የጎንቾ እስር ቤት ኃላፊ ነበሩ። በዚህ ዓይነት ክርስቲያኑ ንጉሥና እስላሙ ሹም በአንድ የጋራ ጥቅም ተሳሰሩ።

የአሊዩ አምባ ገበያ የሚቆመው ዓርብ ዓርብ ነበር። በዚያን ዕለት አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬው፣ አማራውና ኦሮሞው በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ግመል የደጋውን አቀበት ሊወጣ ስለማይችል፣ ከበረሃ የመጣው ጭነት በዚያ አካባቢ እየተራገፈ በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ አንኮበር ይወጣል። ከደጋው ደግሞ እህል፣ ቅቤና ሸማ ይወርዳል። የንጉሡ ሰዎች ከሚገባውና ከሚወጣው ሁሉ ቀረጥ ይቀበላሉ። በ1834 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በዚህች ከተማ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን በመጽሐፍ አስቀርቷል።

ይሁን እንጂ ይህ ጎዳና የበረከት ጎዳና ብቻ አልነበረም። ከአሊዩ አምባ አጠገብ በምትገኘው በአብዱል ረሱል ሰዎች ይሸጡ ነበር። ጨው የጫኑ ግመሎች በመጡበት መንገድ፣ ከደቡብና ከምዕራብ የተማረኩ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በእግራቸው ወደ ታጁራ ይነዱ ነበር። የንጉሡም ግምጃ ቤት ከዚህ ንግድ ቀረጥ ያገኝ ነበር። እንዲሁም ንጉሡ ግዛታቸውን ለማስፋት በየዓመቱ በኦሮሞ አገሮች ላይ በሚያደርጉት ዘመቻ ብዙ መንደር ይቃጠል፣ ብዙ ከብት ይነዳ ነበር። የአንድን ታላቅ ሰው ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሠራውን መልካም ሥራ ብቻ ቆጥሮ በሥራው የተጎዱትን ሊረሳ አይገባውም።

በአገር ውስጥ አስተዳደራቸው ግን ሣህለ ሥላሴ በብዙ ሰዎች ዘንድ የተወደዱ ነበሩ። ሕዝቡ አቤቱታውን በፊታቸው እንዲያሰማ ይፈቅዱ ነበር። በየስፍራው የመንግሥት ጎተራዎችን አሠርተው፣ ረሃብ በገባ ጊዜ እህሉን ለችግረኞች ያድሉ ነበር። ደብረ ብርሃንን አደሱ፤ አንጎለላንም ከተማ አድርገው መሠረቱ። ለእጅ ሥራና ለአዲስ ጥበብ የነበራቸው ፍቅርም የታወቀ ነው። ድሜጥሮስ የተባለ የውጭ አገር ባለሙያ በአንኮበር አቅራቢያ የውሃ ወፍጮ ሠርቶላቸው ነበር። ነገር ግን ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለተቃወሙ ወፍጮው ሥራውን ለማቆም ተገደደ። ንጉሡ ጥበብን ቢወዱም የሕዝባቸውን እምነት መጋፋት እንደማይችሉ ያውቁ ነበር።

በ1831 ዓ.ም. እንግሊዞች ኤደንን ያዙ። ከዚያ ወዲህ በቀይ ባሕር ዳርቻ የአውሮፓውያን ፉክክር በረታ፤ የጨውም ጎዳና የመልእክተኞች ጎዳና ሆነ። በዚያው ዓመት ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ሚስዮናውያን በታጁራ በኩል ወደ ሸዋ ገቡ። በ1832 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር የባሩድ መፍጫ ገጸ በረከት ይዞ መጣ። በ1833 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ቡድን ጠመንጃዎችና ቀላል መድፎች አስጭኖ ደረሰ። ይህ ቡድን በአሳል ሐይቅ በኩል ሲያልፍ ውሃ አልቆበት ከባድ መከራ አይቷል። ዓይናቸው እስኪጨልም የተጠሙት መንገደኞች ሊጠጡት የማይችሉት የጨው ውሃ በፊታቸው ተኝቶ ነበር። ከዚያም ጥቂት ራቅ ብሎ በሌሊት በተጣለባቸው አደጋ ሦስት ሰዎች ተገደሉባቸው። ከአንድ ወር ተኩል ያህል ጉዞ በኋላ አሊዩ አምባ ሲደርሱ የሸዋን ለምለም ተራሮች አዩ።

በዚህ ጊዜ ሣህለ ሥላሴ በሕይወታቸው ካጋጠማቸው ምርጫዎች ሁሉ ከባዱ ቀረበላቸው። እንግዶቹን የተቀበሉ እንደሆነ የሚመኙትን የጦር መሣሪያ ያገኛሉ፤ ነገር ግን ኤደንን የያዘ ኃይል ነገ ታጁራን፣ ከነገ ወዲያም ይፋትን ሊመኝ ይችላል። እንግዶቹን ያባረሩ እንደሆነ ደግሞ መሣሪያው ለተቀናቃኞቻቸው ይሆናል። ጨው በምላስ እንደሚቀመስ፣ ንጉሡም የእንግዶቹን ሐሳብ ጥቂት በጥቂት ቀመሱት። ገጸ በረከቱን በደስታ ተቀበሉ፤ እንግዶቹንም አከበሩ። ነገር ግን እንደ ልባቸው በአገሩ እንዳይዘዋወሩ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጡ አደረጉ። በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በ1835 ዓ.ም. ደግሞ ከሮሼ ዴሪኩር ጋር ተመሳሳይ ውል ለፈረንሳይ ሰጡ። በዚህም አንዱን ኃይል በሌላው ለመመዘን እንደፈለጉ መረዳት ይቻላል።

ውሎቹ ብዙ ፍሬ አላፈሩም። የእንግሊዝ ቡድን በ1835 ዓ.ም. ተመለሰ። ከሸዋ ወጥቶ የነበረው ክራፕፍም እንደገና ሊገባ ሲሞክር መንገዱ ተዘጋበት። ንጉሡ የጠበቁትን ያህል መሣሪያ አላገኙም፤ እንግሊዞችም የተመኙትን ንግድ አላገኙም። ሆኖም ሣህለ ሥላሴ ከጎዳናው የሚያገኙትን ጨው፣ ቀረጥና ወሬ እየያዙ፣ የጎዳናውን ቁልፍ ግን ለማንም ሳይሰጡ ቆዩ። ለአንድ የባሕር በር ለሌለው ንጉሥ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በመጨረሻው ዘመናቸው ሕመም ጸናባቸው። በነሐሴ ወር 1836 ዓ.ም. ከልጃቸው ከኃይለ መለኮት በአንጎለላ የተወለደውን የልጅ ልጃቸውን አይተው ነበር። ይህ ሕፃን በኋላ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ተብሎ ኢትዮጵያን የገዛው ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለሠላሳ አራት ዓመት ያህል ከገዙ በኋላ በጥቅምት ወር 1840 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ልጃቸው ኃይለ መለኮትም በዙፋናቸው ተተኩ።

ከእርሳቸው በኋላ ዘመን ተለወጠ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የግመሉ ጎዳና ጭነቱን አጣ። አሞሌም ቦታውን ለብር ለቀቀ። አሊዩ አምባ ግን ዛሬም በአንኮበር ግርጌ ቆማለች። አበው ጨውን ለራሱ ሲል እንዲጣፍጥ፣ አለዚያ እንደ ድንጋይ ተቆጥሮ እንደሚጣል ይመክሩታል። የሣህለ ሥላሴም ታሪክ ከዚህ ምክር የራቀ አይደለም። ባሕር የሌለው፣ ጠመንጃው ጥቂት የነበረው መንግሥታቸው በኃያላን ዘንድ ሊፈለግና ሊከበር የቻለው በእጁ የነበረውን አንድ ጎዳና ዋጋ ጠንቅቆ በማወቁ ነው። በዚያው ጎዳና ላይ እየተነዱ ያለፉት ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ግን የዚህን ማስተዋል ዋጋ ከፍለዋል።

መልመጃ አንድ፦ ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. ሣህለ ሥላሴ ሥልጣን የያዙት በምን ሁኔታ ነው?
2. የጨው መንገድ መዘጋት የሸዋን ገበያ የሚያቆመው ለምንድን ነው?
3. በአሞሌና በአሳል ጨው መካከል ያለውን ልዩነት ግለጹ።
4. በሚገባ ያልተጠነፈፈ ጨው ለምን ይመራል?
5. ንጉሡ የወላስማን ቤት ከማፍረስ ይልቅ ለምን በሹመቱ አጸኑት?
6. ደራሲው የባሪያ ንግድን ነገር ሳያልፍ የጠቀሰው ለምን ይመስላችኋል?

መልመጃ ሁለት፦ የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍቺ ጻፉ፤ ከዚያም በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አግቡአቸው።

ሀ. ኬላ  ለ. ቀረጥ  ሐ. ገጸ በረከት  መ. አፋፍ  ሠ. ማጠንፈፍ  ረ. ተቀናቃኝ

መልመጃ ሦስት፦ ከዚህ በታች ያሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች በቅንፍ ውስጥ በተሰጠው ቃል እያያዛችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጓቸው።

1. ሸዋ በእህል የበለጸገ ነበር። ጨው አይገኝበትም ነበር። (ነገር ግን)
2. ግመል አቀበቱን አይወጣም። ጭነቱ በአሊዩ አምባ አካባቢ ይራገፍ ነበር። (ስለዚህ)
3. ንጉሡ ጥበብን ይወዱ ነበር። ወፍጮው ሥራውን አቆመ። (ምንም እንኳ)

መልመጃ አራት፦ በአካባቢያችሁ ከሚገኙ ሽማግሌዎች ጠይቃችሁ፣ ጨው፣ ቡና ወይም ሌላ ሸቀጥ ቀድሞ ከየት፣ በምን ተጭኖና በማን እጅ ወደ ገበያችሁ ይመጣ እንደነበር የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።